ኤፍ ለመጣባችሁ፦ መጀመሪያ ኮርሱ መቼ ተመልሶ እንደሚሰጥ እዩ

ይድረስ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ፣ የቴዎድሮስ፣ የፋሲል፣ የጤና ሳይንስና የጠዳ ግቢ ተማሪዎች፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

ኤፍ ብቻውን ዓመት አይበላም። ዓመት የሚበላው ኤፍ የመጣበት ኮርስ ተመልሶ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ብዙ ትምህርት ክፍሎች አንድን ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የወደቃችሁበትን በሁለተኛው ሴሚስተር ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ለከርሞ ነው። ያ ኮርስ ለሌላ ኮርስ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ቀድሞ መታለፍ ያለበት፣ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ይረዝማል። አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድን ያላለፈ ሁለትን አይወስድም፣ ሁለትን ያላለፈ ሦስትን አይወስድም፤ በእነሱ ላይ የተንጠለጠሉት የምህንድስና ኮርሶችም አብረው ይቆማሉ። በሌላ በኩል ለሌላ ኮርስ ፕሪሪኩዚት ባልሆነ፣ ማንም በማይጠብቀው ኮርስ ላይ የመጣ ኤፍ፣ ለምሳሌ በሎጂክ ወይም በአንትሮፖሎጂ፣ ለዓይን ቢያስጠላም ከጓደኞቻችሁ አያስቀራችሁም፤ በሚቀጥለው ዓመት ከታናናሾቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ታወጡታላችሁ። ስለዚህ ግሬድ በወጣ ቀን ከለቅሶ በፊት የትምህርት ክፍላችሁን የኮርስ ዝርዝር አውጡና ከወደቃችሁበት ኮርስ ወደፊት መስመር እየሳባችሁ የሚነካቸውን ሁሉ ምልክት አድርጉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ ለመደንገጥ የሚቸኩል ተማሪ ግን ብዙ ነው።

ኤፍ እና ኤፍ ኤክስን አታደባልቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት በሚሠራበት የውጤት አሰጣጥ ከ50 ጀምሮ እስከ 60 ድረስ ሲ፣ ከ45 ሲ ማይነስ፣ ከ40 ዲ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ያለው ኤፍ ኤክስ፣ ከ30 በታች ደግሞ ኤፍ። ኤፍ ኤክስ ድጋሚ ፈተና የሚያስቀምጥ ነው፤ ኤፍ ኮርሱን ከነክፍሉ፣ ከነአሳይመንቱ እንደገና የሚያስወስድ። አንድ ልጅ ከተከታታይ ምዘናው 22 ከ50፣ ከፋይናሉ 14 ከ50 ቢያመጣ ድምሩ 36፣ ኤፍ ኤክስ ነው። ተከታታይ ምዘናው ከተያዘለት ሲ ለማግኘት በድጋሚ ፈተናው 28 ይበቃዋል። 28 ከ50 በሁለት ሳምንት ጥናት የሚደረስበት ነው። ነገር ግን የድጋሚ ፈተናው ማስታወቂያ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ተማሪው ለእረፍት አገሩ በገባበት ሰሞን ነው፤ ቀኑ ካለፈ ኤፍ ኤክሱ በቁሙ ይቀራል። ከጎንደር ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑን ከትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አፍ ስሙ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት አይጠፋም። ለመመረቅ አጠቃላይ ጂፒኤ (በክሬዲት፣ ማለትም በኮርሱ ክብደት የሚሰላ አማካይ ውጤት፤ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0 ነጥብ) 2.00 ያስፈልጋል፣ ኤፍም በዶሴያችሁ መቅረት የለበትም። አንድ ተማሪ 60 ክሬዲት ወስዶ ጂፒኤው 1.90 ነው እንበል። 60 ሲባዛ በ1.90፣ 114 ነጥብ አለው። ለ2.00 የሚያስፈልገው 120 ስለሆነ 6 ነጥብ ጎድሎታል። የ3 ክሬዲት አንድ ኤፉ በሲ ቢተካለት 3 ሲባዛ በ2፣ ልክ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ጉድለቱ ተዘጋ። ያንኑ 6 ነጥብ በአዲስ ኮርሶች ላግኝ ካለ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር 18 ክሬዲት በአማካይ በ2.33 ማለፍ አለበት፤ እስካሁን በ1.90 ለሄደ ልጅ ቀላል አይደለም። ዲ የመጣበትን የ3 ክሬዲት ኮርስ ሲ ማድረግ ደግሞ 3 ነጥብ ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ለመድገም ቦታ ካላችሁ መጀመሪያ ኤፉ፣ ቀጥሎ ዲው። ሲ ማይነስ ለማስተካከል ብሎ ኤፉን ለከርሞ የሚያሳድር ሰው ግን እኔ አልገባኝም።

ድጋሚ ኮርስ ራሱ አይመዘገብላችሁም። ሬጅስትራር የሚመዘግባችሁ በዓመታችሁ ኮርሶች ነው፤ ድጋሚውን የምታስጨምሩት ኮርስ በሚጨመርበትና በሚጣልበት በአድና ድሮፕ ቀናት፣ አድቫይዘራችሁ (አማካሪ መምህራችሁ) እና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፈርመው ነው። እነዚያ ቀናት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ናቸው፣ ቶሎም ያልፋሉ። ወረቀት ከመያዛችሁ በፊት የታችኛውን ባች የክፍል ፕሮግራም ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ። ብዙ ድጋሚ የሚሰናከለው በጥናት ማነስ ሳይሆን በፕሮግራም ግጭት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍል ላይ ተመዝግቦ አንዱን በጓደኛ ኖት የሚከታተል ተማሪ መጨረሻው ሁለት ኤፍ ነው። ከተጋጨ ሌላ ሴክሽን ፈልጉ። ሌላ ሴክሽን ከሌለ ከራሳችሁ ዓመት ማንም የማይጠብቀውን ኮርስ ጣሉና ድጋሚውን አስገቡ። የክሬዲት ጣሪያውም እዚያው ላይ ይቆጠራል፤ በላዩ ላይ መጫን ጀግንነት አይደለም። ኮርሱ የሚሰጠው በሌላ ግቢ ከሆነ መንገዱንም ቁጠሩ፤ ከጠዳ በአዘዞ በኩል ወደ ከተማ የሚመጣ ልጅ በሁለት ክፍል መካከል ያለችውን አንድ ሰዓት በታክሲ ወረፋ ይጨርሳታል።

ተመዝግባችሁ ስትገቡ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ኖት ይዛችሁ አትተኙ። መምህሩ ሊቀየር፣ የምዕራፍ ቅደም ተከተሉም ሊዞር ይችላል፤ ተከታታይ ምዘናውም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ድጋሚ የሚወስዱ ልጆች ኩዊዝ የሚያመልጣቸው የባቹ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስለሌሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን የክፍሉን ተወካይ ፈልጋችሁ ስማችሁን አስጽፉ፤ የቡድን አሳይመንት ሲከፋፈልም ቡድን አይጠፋባችሁም። ኮርሱ በብሎክ የሚሰጥ ከሆነ፣ ማለትም በሦስትና በአራት ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ፣ አንድ ሳምንት መቅረት ሲሶ ወይም ሩብ ኮርስ መቅረት ነው፤ ለእሱ የሚሆን ችከላ የለም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ከጥምቀት ጋር የሚጠጋበት ዓመትም አለ። ጎንደር ሆኖ ጥር 10 እና 11ን አጥና የሚል መካሪ አይሰማም፣ እኔም አልልም፤ ግን እነዚያን ቀናት ከጥናት ፕሮግራማችሁ ላይ አስቀድማችሁ ሰርዛችሁ ታቦት ሸኙ።

የሕክምና ተማሪዎች ነገር ይለያል። እዚያ ሞጁሉ በር ነው፤ ሳያልፉት ወደሚቀጥለው ዓመት መግባት የለም። በአታችመንት ዓመታት፣ ማለትም በሆስፒታል ክፍሎች እየተዞረ በሚማሩባቸው ዓመታት፣ ደግሞ ጽሑፉንም በታካሚ አልጋ አጠገብ የሚሰጠውንም ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ በአንዱ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት የሌላውን ውድቀት አይሸፍንም። ድጋሚው በቡድን ዙር ስለሚያዝ ከባቻችሁ ተነጥላችሁ ከሌላ ቡድን ጋር ልትዞሩ ትችላላችሁ።

ስለ ኢንኮምፕሊት (ፈተና ወይም ሥራ ጎድሎ ስለሚሰጥ ጊዜያዊ ውጤት) አጭር ነገር፦ በጊዜው ካልተሟላ ወደ ኤፍ ይዞራል። መምህሩን አስታውሱ፣ ሬጅስትራር መድረሱንም ራሳችሁ አረጋግጡ።

ቤተሰብ ቢታመም፣ እናንተ ብትታመሙ፣ ወይም ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ቢሆን ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርትን በፈቃድ ማቋረጥ፣ የሚባል በር አለ። ቅጽ ይሞላል፣ ምክንያቱ በማስረጃ ይያያዛል፣ ላይብረሪውም ዶርሙም ካፌውም ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባችሁ) ይፈርማሉ፣ ከዚያ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ትመለሳላችሁ። ይህን ሳያደርግ ሻንጣውን ይዞ የሄደ ተማሪ በስሙ የተመዘገቡት ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው ይጠብቁታል። ወረቀት ለመሙላት አንድ ቀን ከመቆየትና አምስት ኤፍ ከመሸከም የቱ እንደሚሻል እናንተ ፍረዱ። ስትመለሱም ካሪኩለሙ ተለውጦ ከሆነ የወሰዳችሁት ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የቃል መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ውጤቱ ያልተገባ ከመሰላችሁም ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው። መጀመሪያ ወረቀታችሁን ከመምህሩ ጋር እዩ። የመደመር ስህተት ከሆነ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ በተወሰነው ቀን ውስጥ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ምን እንደጎደለ ጥቀሱ። «ብዙ ሠርቼ ነበር» የሚል ማመልከቻ ማንም አያነበውም።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በላዩ ለመመረቅ የሚታለፍ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የተንጠለጠለ ኮርስ ይዞ ወደ መጨረሻው ዓመት የደረሰ ልጅ ለመውጫ ፈተናው የሚዘጋጅበትን ሴሚስተር ለድጋሚ ኮርስ ይከፍለዋል። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመቱን ኤፍ በሦስተኛው ዓመት አውጡት፣ ወደ አራተኛው አታሻግሩት።

ድጋሚውን ካስገባችሁ በኋላ የምዝገባ ስሊፑን አትሙና የኮርሱ ኮድና ክሬዲት በትክክል መጻፉን እዩ። በአንድ ቁጥር የተሳሳተ ኮድ ሌላ ኮርስ ነው፤ ስህተቱም የሚታወቀው ግሬድ ሲገባ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ስልክ ይጠፋልና።