ሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሥራ ያፋጥናል ወይ? ጥያቄና መልስ

ስለ ሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ጠያቂዎቹ ቢሮ የሚመሩ፣ ተቀጥረው የሚሠሩና በሰዓት የሚከፈላቸው ፍሪላንሰሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ያሉት የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አለኝ። ሶፍትዌሩን ባስገባ ሥራው ይፋጠናል ወይስ ገንዘቤን ነው የማባክነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሚዛን እህል አይጨምርም፤ መመዝገቡም ብቻውን ሥራ አያፋጥንም። የሚያፋጥነው መዝገቡን አይተው የሚወስኑት ነገር ነው። በሒሳብ ቢሮ መዝገቡ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣቸው እነዚህን ነው፦ በወር ቁርጥ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ከከፈለው በላይ ሰዓት ሲበላ፤ ደረሰኝ በመጨረሻው ሰዓት ተጠራቅሞ ስለሚመጣ የቫት ማሳወቂያ ሳምንት ሌላውን ሥራ ሁሉ ሲያስቆም፤ ነባሩ ባለሙያ ደግሞ ቀኑን በጀማሪዎች ጥያቄ ሲጨርስ።

ከመግዛትዎ በፊት ለስድስት ሳምንት በነጻ ዕቅድ ወይም በኤክሴል ይሞክሩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ይጣሉት፤ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ለጊዜው አሠራሩን ይለውጣል። ይህ ነገር «የሆቶርን ውጤት» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከ1924 ጀምሮ የሠራተኞች ጥናት ከተካሄደበት፣ ቺካጎ አጠገብ ከነበረው የሆቶርን ፋብሪካ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ምንም ሳይለውጡ ይመዝግቡ። በአራተኛው አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ለምሳሌ የጀማሪዎች ጥያቄ ጠዋትና ከሰዓት በተወሰነ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስተናገድ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ያወዳድሩ።

የሚያወዳድሩት ግን ሰዓቱን ሳይሆን የወጣውን ሥራ ነው፦ ስንት የባንክ ማስታረቂያ (የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር) ተዘጋ፣ የስንት ደንበኛ ሥራ አለቀ፣ ስንቱ ለእርማት ተመለሰ። ሰዓት ቀንሶ እርማት ከጨመረ ምንም አላተረፉም። ደግሞም የግብር ወቅትን ከየካቲት ጋር አያወዳድሩ።

ጥያቄ፦ እኛም ጋ ተጀምሮ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም መሙላት ተወ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የምድብ ብዛት ነው። ሠራተኛው አንድ ሥራ ለመመዝገብ ከአርባ ምድብ ውስጥ መምረጥ ካለበት ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ሳምንቱን በግምት ይሞላዋል። ያኔ የያዙት መዝገብ ሳይሆን ልብ ወለድ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ የእያንዳንዱ ቀን ድምር ልክ 8:00 ይሆናል፣ ሁሉም ቁራጭ በ30 ወይም በ60 ደቂቃ ያልቃል።

የደንበኛውን ስም ለብቻው አድርጋችሁ የሥራ ዓይነቱን ከስድስት እስከ ስምንት አድርሱት። ለሒሳብ ቢሮ ደረሰኝ ማስገባት፣ ማስታረቅ፣ ደመወዝና ጡረታ፣ ግብር ማሳወቅ፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር፣ እርማት እና የውስጥ ሥራ ይበቃሉ። «እርማት» የሚለውን እንዳትተዉት፤ ብዙ ቢሮ ገንዘቡ የሚፈስበት እዚያ ነው። «ሌላ» የሚል ምድብ ግን አትፍጠሩ፤ በወሩ መጨረሻ ከሁሉም የሚተልቀው እሱ ይሆናል።

ከ5 ደቂቃ በታች የሆነውን ለብቻው አታስመዝግቡ። ማጠጋጋትም ካለ ተጠንቀቁ፦ ሶፍትዌሩ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ አምስት የ6 ደቂቃ ሥራዎች 75 ደቂቃ ሆነው ይወጣሉ፤ እውነቱ 30 ነው።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቻችን «3:00 ገባሁ» ብለው ይሞላሉ፤ ሪፖርቱ ግን ሌሊት ሠሩ ይላል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ የአቆጣጠራችን የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። መግቢያውም መውጫውም በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ድምሩ አይበላሽም፤ ከ3:00 እስከ 6:30 በየትኛውም አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የሚበላሸው ሲደባለቅ ነው። መነሻውን ታይመሩ (የሶፍትዌሩ ሰዓት ቆጣሪ) ራሱ 09:05 ብሎ ከያዘው በኋላ ሠራተኛው መውጫውን በእጁ 11:00 ብሎ ከሞላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ የነበረው ሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የሰዓት ማሳያውን 24 ሰዓት አድርጉት፤ ቀጠናውን ዩቲሲ+3 (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድም) ላይ አስቀምጡ (ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባን ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ)። ለቀን ሰዓት 6፣ ለምሽትና ለሌሊት 18 ደምሩ፤ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ። ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22:00፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 02:00 ነው። በየሳምንቱ ከ06:00 በፊት የጀመሩትን መዝገቦች ለይታችሁ እዩ፤ የሌሊት ፈረቃ ከሌላችሁ አብዛኛው ስህተት እዚያ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።

ወሩም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ «ይህ ወር» ሲል የፈረንጆቹን ወር ነው። ደመወዝ የምትከፍሉት በእኛ ወር ከሆነ ቀኖቹን በእጅ ምረጡ። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን 12 ነው። ጳጉሜ ከነሐሴ ጋር ትደመር ወይስ ለብቻዋ ትውጣ የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ አለዚያ ነሐሴ በየዓመቱ ከሌላው ወር የበለጠ ሥራ የተሠራበት ይመስላችኋል።

ጥያቄ፦ የስክሪን ፎቶ የሚያነሳና የኪቦርድ ንክኪ የሚቆጥር ሶፍትዌርስ? አለቃችን ካልታየ ሰው አይሠራም ይላል።

መልስ፦ ኪቦርድ መነካቱን ይቆጥራል፤ ሥራ መሠራቱን አያውቅም። ውል የሚያነብ ጠበቃ፣ ስህተት የሚፈልግ ፕሮግራመር፣ ስልክ ላይ ደንበኛ የሚያግባባ ሰው ሁሉ በዚህ መለኪያ «ሥራ ፈት» ናቸው። መለኪያው ማውስ ማንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ሰው ማውስ ያንቀሳቅሳል፤ ይህን በራሱ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በገበያ ይሸጣል።

የሃርቫርዱ ኤታን በርንስታይን በ2012 ያወጣው ጥናት ለእንዲህ ያለ አለቃ የሚነገር ነው። በቻይና አንድ የሞባይል ፋብሪካ ውስጥ የማምረቻ መስመሮች በመጋረጃ ሲከለሉ ምርታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨመረ። ሠራተኞቹ አለቃ ሲያያቸው የተጻፈውን ደንብ ይከተሉ ነበር፤ ሳይታዩ የሚያውቁትን ፈጣን ዘዴ ይጠቀማሉ። አለቃው እያየ ያዘገየው ሥራ ነበር ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን መለካት አይጠቅምም ማለት አይደለም። የጥሪ ማዕከል፣ የመረጃ ማስገቢያ ሥራ፣ የተርጓሚ ገጽ ተቆጣሪ ናቸው። እነዚህ ላይ ስክሪን ከማንሳት ይልቅ የተጠናቀቀውን ጥሪና ገጽ መቁጠር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ድርጅቱ ሳይነግረን ኮምፒውተራችን ላይ ቢጭነው መብታችን ምን ይላል? አንዱ ባልደረባችን ከፈረንሳይ ሆኖ ነው የሚሠራው።

መልስ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው ስክሪን ፎቶ የግል መረጃ ነው፤ ለምን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ጠይቁ። ፈረንሳይ ላይ ነገሩ ጠንከር ያለ ነው። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በዲሴምበር 2024 አንድን የሪል እስቴት ድርጅት 40,000 ዩሮ ቀጥቷል፤ ከምክንያቶቹ መካከል ማውስና ኪቦርድ ያልተነካባቸውን ደቂቃዎች መቁጠሩና ስክሪን እየደጋገመ ማንሳቱ ነበሩ።

ምዝገባ በራሱ ግን ለሠራተኛውም ጋሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሜይ 2019 አሠሪዎች የየቀኑን የሥራ ሰዓት የሚለካ ሥርዓት እንዲኖራቸው የወሰነው የስፔን የሠራተኛ ማኅበር ባቀረበው ክስ ነው፤ ጠያቂው አሠሪ አልነበረም። በእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። 22:00 እና 4:00 ከተምታቱ የሚጎዳው ይህ ስሌት ነው።

ጥያቄ፦ አፕዎርክ (ፍሪላንሰርን ከደንበኛ የሚያገናኝ ድረ ገጽ) ላይ በሰዓት ነው የምሠራው። ሰነድ ሳነብ የእንቅስቃሴ መለኪያው ዝቅ ይላል። ደንበኛው ቢከራከርስ?

መልስ፦ ሲስተሙ ሰዓትህን በ10 ደቂቃ ቁራጭ ይቆጥራል፤ በየቁራጩ በዘፈቀደ ቅጽበት አንድ ስክሪንሾት ያነሳል፤ የኪቦርድና የማውስ ንክኪ ብዛት ይይዛል። ምን እንደጻፍክ አይይዝም። ስክሪንሾት ከሰረዝክ 10 ደቂቃውም አብሮ ይሄዳል። በእጅ የተጨመረ ሰዓት በክፍያ ዋስትናው አይሸፈንም።

ሥራ በቀየርክ ቁጥር የማስታወሻ መስመሩን ቀይር። «ሥራ» ብለህ አትተው፤ «የክፍያ ገጹን ሰነድ ማንበብ» ብለህ ጻፍ። ስታነብ ጎን ለጎን አጭር ማስታወሻ ያዝ፤ ለራስህም ይጠቅማል፣ መለኪያውንም ባዶ አያደርገውም። ሳምንቱ የሚዘጋው እሑድ በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ነው፤ እዚህ ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ለማረም ያለህ ጊዜ እስከ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ዲዛይን ነው የምሠራው። 20 ሰዓት ይፈጃል ያልኩት ሥራ 31 ይፈጃል። ሰነፍ ሆኜ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 የዕቅድ ስህተት ብለው የሰየሙት ነው፤ ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ሁሉ ነገር እንደታሰበው የሚሄድበትን ቀን ነው የሚያስበው። እንዲያውም ከሶፍትዌሩ ጥቅም ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። የጨረስሻቸውን አሥር ሥራዎች ያዢ፤ ለእያንዳንዱ የፈጀውን ለተገመተው አካፍዪ (31 ÷ 20 = 1.55)። አሥሩን ውጤቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪና የአምስተኛውንና የስድስተኛውን አማካይ ውሰጂ። ከዚህ በኋላ የምትሰጪውን ግምት ሁሉ በሱ አባዢ። ግምቱ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት፤ በኋላ የሚታወስ ግምት ሁልጊዜ ይቃናል።

ሠራተኛ ቀጥሮ ለሚያሠራም ለዋጋ ያው ነው። የሠራተኛው ደመወዝ 18,000 ብር ከሆነ በወር 208 ሰዓት (48 × 52 ÷ 12) ሲካፈል ወደ 86.50 ብር ይመጣል፤ ብዙዎች ዋጋ የሚያወጡት በዚህ ነው። መዝገቡ ግን ለደንበኛ የሚሸጠው ሰዓት 120 ብቻ ነው ካለ፣ የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ ተጨምሮ 19,980 ÷ 120 = 166.50 ብር ይሆናል። ኪራይና መብራት ገና አልገቡም።

ጥያቄ፦ ሰዓት ከጨመርን ምርት አይጨምርም?

መልስ፦ እስከ አንድ ልክ። የስታንፎርዱ ጆን ፔንካቬል በ2014 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞችን መዝገብ መርምሮ፣ በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ገደማ ምርት ከሰዓት ጋር እኩል እንደሚያድግ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚዳከም አሳይቷል። በ70 ሰዓት የወጣው በ56 ከወጣው ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጥያቄ፦ የጣት አሻራ ማሽን አለን። አይበቃም?

መልስ፦ ለደመወዝ ይበቃል። ሰው መግባቱን እንጂ ሰዓቱ የት እንደሄደ አይናገርም።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ግማሹ መዝገብ ይበላሻል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ በብራውዘር የሚሠራ ታይመር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሰርቨር ላይ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ጠዋት ሲከፈት የ14 ሰዓት መዝገብ ይገኛል። ያለ ኢንተርኔት የሚመዘግብ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ታይመር 3 ሰዓት ሲያልፍ የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ካለው ክፈቱት፤ ማውስና ኪቦርድ ካልተነካ የሚጠይቀውን ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው የቆዩ ዴስክቶፖች ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መዝገቡም እዚያ ዓመት ላይ ይገባል። ባትሪዋ 2032 የምትባለው ናት፤ ቀይራችሁ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲወሰድ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ላይ 31 ሰዓት ደምሬ 7 ይለኛል፤ ሶፍትዌሩን ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህስ አይግዙ። ኤክሴል ድምሩ ከ24 ሲያልፍ የቀን ሰዓት መስሎት እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። ድምሩን በ24 አባዝተው የሴሉን ፎርማት ወደ ቁጥር ይለውጡት፤ 31 ይመጣል። እኩለ ሌሊት ያለፈ ሥራ ካለ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ ከማባዛትዎ በፊት 1 ይደምሩበት፤ ለኤክሴል 1 ማለት አንድ ሙሉ ቀን ነው።