የቤትሆቨንን 32 ሶናታዎች በማን እጅ እንስማ? (ጥያቄና መልስ)

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አካባቢ የምትኖሩ የክላሲካል ሙዚቃ አድማጮች፣ የቤትሆቨንን የፒያኖ ሶናታዎች (በክፍሎች የተከፈሉ የፒያኖ ሥራዎች) በሙሉ ከአንድ ፒያኒስት እጅ ለመስማት ስትነሡ የሚገጥማችሁን የምርጫ ችግር በጥያቄ አቅርባችሁልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴን ጽፌአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሙሉው ስብስብ ለምን ያስፈልገናል? «የጨረቃ ብርሃን»ን፣ «ፓተቲክ»ንና «አፓሲዮናታ»ን ከጥሩ ተጫዋች ብንሰማ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ባይ ነኝ። ስም የወጣላቸው ሶናታዎች ከ32ቱ ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን ስሞች ያወጣውም ቤትሆቨን አይደለም፤ «የጨረቃ ብርሃን» የሚለው ሃያሲው ሉድቪግ ሬልሽታብ ከተናገረው የመጣ ነው፣ «አፓሲዮናታ» የሚለውንም አቀናባሪው ካረፈ ከዓመታት በኋላ አንድ አሳታሚ ጨመረው። ስም ስለሌላቸው ብቻ የሚታለፉት ግን ከስመ ጥሮቹ አያንሱም። በ1798 የታተመውን የኦፐስ 10 ቁጥር 3 ሁለተኛ ክፍል ስሙት (ኦፐስ ማለት የሥራው የኅትመት ቁጥር ነው)፤ ቤትሆቨን ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ የጻፈው ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ በጻፋቸው ታላላቅ ሥራዎች ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐዘን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የድጓ ተማሪ የሚወዳቸውን የበዓል ዜማዎች ብቻ ይዞ ድጓ አወቅሁ እንደማይል ሁሉ፣ እነዚህንም ሶናታዎች አውቃለሁ የሚል ሰው ከ1795 እስከ 1822 የተዘረጋውን መንገድ እስከ መጨረሻው መሄድ ይገባዋል። ደግሞም ሁሉም ተደምረው ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ናቸው፤ የአንድ ወር ምሽቶች ይበቋቸዋል።

ጥያቄ፦ ብዙ ስም ሰምተን ግራ ተጋብተናል። አንዱን ብቻ ይንገሩን።

መልስ፦ አንድ ብቻ ከሆነ አኒ ፊሸር ናት። ይህች የሃንጋሪ ፒያኒስት ቀረጻውን የጀመረችው በ1977 ነው። ሰሚ በሌለበት ክፍል ለማይክሮፎን መጫወትን አጥብቃ ትጠላ ስለነበረና በሠራችው ስላልረካች፣ ስብስቡ በሕይወት ሳለች እንዲወጣ አልፈቀደችም፤ ለአድማጭ የደረሰው በ1995 ካረፈች በኋላ ነው። እርሷ ያልረካችበትን ሥራ ስሰማ፣ ከሌሎች ዘንድ የተጠናቀቀ ከሚባለው ይልቅ እውነት የማገኘው እዚህ ነው። ግራ እጇ እንደ ቀኙ ይናገራል፤ ድምፁ ጠንካራና ቅርብ ነው፣ ለማስዋብ የተጨመረ ነገር የለውም። ለስለስ ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው መጀመሪያ ላይ ሸካራ ሊሆንበት ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው አድማጭ ሪቻርድ ጉድ ወይም ፖል ሉዊስ ይሻሉታል።

ጥያቄ፦ ሙሉውን ከመግዛታችን በፊት አንድን ፒያኒስት በምን እንፈትነው?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች የወደድኩት ይህን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። በስመ ጥሮቹ አትፈትኑ፤ «የጨረቃ ብርሃን»ን አሳምሮ የማይጫወት ፒያኒስት ጥቂት ነው፣ የእናንተም ጆሮ አስቀድሞ ስለለመደው ልዩነቱን አይለይም። እኔ የምጠቀምባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የኦፐስ 31 ቁጥር 1 መክፈቻ ነው። እዚህ ላይ ቤትሆቨን ቀኝ እጅ ከግራው በቅጽበት ቀድሞ እንዲመታ አድርጎ ጽፏል፤ ሁለቱ እጆች አብረው ማረፍ ያቃታቸው ይመስላል፣ ይህም ሆን ተብሎ የተጻፈ ጨዋታ ነው። ሁለቱን እጆች አቀራርቦ የሚያስተካክል ፒያኒስት ጨዋታውን ገድሎታል፤ አጋንኖ የሚያራርቃቸውም አበላሽቶታል። ልኩን የሚያውቅ ሰው እዚያው በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ይለያል፣ በዚህ ረገድ አልፍሬድ ብሬንደልን የሚያህል አላገኘሁም።

ሁለተኛው የዚያው ኦፐስ ቁጥር 2 ነው። በመጀመሪያው ክፍል መሐል ፒያኖው ድንገት ብቻውን እንደሚያወራ ሰው ይሆናል፤ ቤትሆቨንም በዚህ ንግግር መሰል ቦታ ፔዳሉ፣ ማለትም ድምፁን የሚያስረዝመው የእግር መርገጫ፣ ተረግጦ እንዲቆይ አዟል። በዛሬው ትልቅ ፒያኖ ትእዛዙ እንዳለ ሲፈጸም ኖታዎቹ እርስ በርሳቸው ይቀላቀላሉ፤ ድምፁ ከባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደሚመጣ ይሆናል። አንዳንዱ ፒያኒስት ይህን ፈርቶ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፣ አንዳንዱ በከፊል ብቻ ያነሣዋል፣ ደፋሩ እንደተጻፈው ይይዘዋል። እኔ ደፋሮቹን እመርጣለሁ። እናንተ ግን ሁለት ቅጂዎችን አስከትላችሁ ስሙና የትኛው እንደሚይዛችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ሦስተኛው ከላይ የጠቀስኩት የኦፐስ 10 ቁጥር 3 ዝግተኛ ክፍል ነው። እዚህ የሚፈተነው ትዕግሥት ነው፤ በኖታዎቹ መካከል ያለውን ዝምታ የማይፈራ ተጫዋች ወደ ኦፐስ 106 እና ወደ ኦፐስ 111 ቢወስዳችሁ አትጠፉም።

ጥያቄ፦ የአርቱር ሽናብልን ቅጂ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ስላለው ትቼዋለሁ። በእርግጥ የሚወራለትን ያህል ነው?

መልስ፦ ነው፤ ይመለሱበት። 32ቱን ሶናታዎች በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው እርሱ ነው፤ ከ1932 እስከ 1935 ለንደን ውስጥ። በጊዜው የነበረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ስለነበር አንዱ ሶናታ በብዙ ሸክላዎች ላይ ተቆራርጦ ነበር የሚቀረጸው። የተሳቱ ኖታዎችም አሉበት፣ በተለይ በኦፐስ 106። ቤትሆቨን በሜትሮኖም (በምት መቁጠሪያ መሣሪያ) ቁጥር ፍጥነቱን የወሰነለት ብቸኛው ሶናታ ይህ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ክፍሉ ቁጥር 138 (በደቂቃ 138 ምት) ብዙዎች የማይቻል ነው ብለው የሚተዉት ነው፤ ሽናብል ግን ወደዚያ ፍጥነት ሮጠ፣ መንገድ ላይም ተንገዳገደ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከስንት ንጹሕ ቅጂ ይበልጥብኛል። ስለ ጩኸቱ አንድ ምክር ልስጥዎ፦ ይህን ቅጂ ብዙ ድርጅቶች እያጸዱ አውጥተውታል፤ ፍጹም ጸጥ ያለው የተሻለ እንዳይመስልዎት፣ ምክንያቱም ሸክላው የሚያሰማውን ለማጥፋት ሲባል የፒያኖው ቀጭን ድምፅም አብሮ ይቆረጣል። የተወሰነ ሹክሹክታ የቀረበትን ይምረጡ፤ ጆሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ ከቤትሆቨን ጀምሮ በመምህር ሐረግ የሚወርድ ተማሪ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ብንመርጥ ትክክለኛውን አጨዋወት እናገኛለን?

መልስ፦ ሐረጉ እውነት ነው። ካርል ቸርኒ የቤትሆቨን ተማሪ ነበር፤ ቸርኒ ሌሼቲትስኪን አስተማረ፣ ሌሼቲትስኪም ሽናብልን። በሌላው በኩል ቸርኒ ፍራንዝ ሊስትን፣ ሊስት ማርቲን ክራውዘን፣ ክራውዘ ደግሞ ቺሊያዊውን ክላውዲዮ አራውን አስተምረዋል። እኛ መምህር ከማን እንደተማረ በምንጠይቅበት አገር ይህ ትልቅ ክብደት እንዳለው ይገባኛል። ነገር ግን ሁለቱን አስተያይታችሁ ስሙ፤ ሽናብል ይቸኩላል፣ ይነድዳል፤ አራው በ1960ዎቹ ለፊሊፕስ በቀረጸው ስብስብ እያንዳንዱን ኖታ እየመዘነ በሰፊው ይራመዳል። ከአንድ ቸርኒ ወርደው ይህን ያህል ከተራራቁ፣ ሐረጉ አንድ ትክክለኛ አጨዋወት አላስተላለፈም ማለት ነው። ሁለቱም ግን የተጻፈውን ምልክት ሁሉ በቁም ነገር ይወስዳሉ፤ የወረሱት ይህን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኔ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ስሰማ ነው ያደግሁት። ከዚያ ወደ ቤትሆቨን ለመሻገር ማንን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ መነሻ አለሽ። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት እማሆይ ምቱን እንደ ትንፋሽ ያላሉታል፣ ያጠብቁታል፤ ለዚህ የለመደ ጆሮ ዊልሄልም ኬምፕፍን ቶሎ ይወዳል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ዜማውን በቃል እንደሚናገር ሰው ያወጣዋል። ከኦፐስ 90 ሁለተኛ ክፍልና ከኦፐስ 109 መጨረሻ ክፍል ጀምሪ፤ ወደ ኃይለኞቹ በኋላ ትደርሻለሽ። ኬምፕፍ ሁለት ሙሉ ስብስብ እንዳለው ግን ልብ በይ፦ ከ1951 እስከ 1956 በሞኖ፣ ከ1964 እስከ 1965 በስቲሪዮ። እኔ የሞኖውን እመርጣለሁ፣ ጣቶቹ ይበልጥ ንቁ ናቸው። ብሬንደልና ባረንቦይምም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለቀረጹ፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ዓመት የቀረጻው ይሁን እንደገና የወጣበት ሳይረጋገጥ መግዛት ደግ አይደለም።

ጥያቄ፦ በቤትሆቨን ዘመን በነበረው ዓይነት ፒያኖ የተቀረጸ አለ? መስማትስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ አለ፤ ሆላንዳዊው ሮናልድ ብራውቲጋም በጥንታዊ ፒያኖዎች አምሳያ በተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉንም ቀርጿል። የቤትሆቨን የመጀመሪያ ሶናታዎች የተጻፉት አምስት ኦክታቭ (አንዱ ኦክታቭ ከአንድ ኖታ እስከ ስምንተኛው ያለው ርቀት ነው) ብቻ ለነበረው፣ ቀለል ያለ መዶሻና ቶሎ የሚሞት ድምፅ ለነበረው ፒያኖ ነው። ይህን ስትሰሙ «የጨረቃ ብርሃን» የመጀመሪያ ክፍል በሙሉ ማፈኛው ከክሮቹ ላይ ተነሥቶ ይጫወት ተብሎ ለምን እንደታዘዘ ወዲያው ይገባችኋል፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ አይደባለቅም። ለሁለተኛ ስብስብነት ከዚህ የሚሻል የለም። ለመጀመሪያ ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ያልተጠናቀቀ ስብስብ መያዝ ዋጋ አለው?

መልስ፦ የኤሚል ጊሌልስ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር። በ1985 ሲያርፍ አምስት ሶናታዎች ቀርተውት ነበር፤ የመጨረሻው ኦፐስ 111 ከእነርሱ አንዱ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የተጠናቀቀ ሆኖ ወጥ ያልሆነም አለ፤ ማውሪትዚዮ ፖሊኒ በ1975 ጀምሮ በ2014 ስለጨረሰ፣ የወጣቱንና የሽማግሌውን እጅ በአንድ ሳጥን ውስጥ ታገኛላችሁ። የወጣቱ ኦፐስ 106 እጅግ ድንቅ ነው።

ጥያቄ፦ ገላን ነው የምኖረው፤ ያለኝ የሞባይል ዳታ ብቻ ነው። እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ በየቀኑ በቀጥታ ከኢንተርኔት ከመስማት አንዴ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ መያዝ ይሻላል። ሙሉው ስብስብ በ320 ኪሎቢት ጥራት አንድ ጊጋባይት ተኩል ያህል ነው፣ በ128 ደግሞ 600 ሜጋባይት ገደማ። ልዩነቱን አይሠሥቱለት፤ ጥራቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጎዳው እየሳሳ የሚሄደው የፒያኖ ድምፅ ጅራት ነው። ዋይፋይ ወዳለበት ሲሄዱ ያውርዱት። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ የ«አፓሲዮናታ» ሁለተኛ ክፍል ወደ ሦስተኛው ያለ ዕረፍት ይገባል፣ የኦፐስ 53ም እንዲሁ ነው። ስልክዎ በፋይሎቹ መካከል ዝምታ የሚያስገባ ከሆነ ያ ታላቅ መሸጋገሪያ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚያጫውት መተግበሪያ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ግንባታ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር ይነሣል። ድምፁ ዝቅ ያለው ክፍል ፈጽሞ አይሰማኝም።

መልስ፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከተቻለም ማለዳ ይስሙ። ድምፁን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ኃይለኛው ቦታ ሲመጣ ጆሮ ይጎዳል። የቆዩ ቅጂዎች በዝቅተኛውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ያላቸው ርቀት ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ ጩኸት ባለበት ሰፈር ሽናብልና የሞኖው ኬምፕፍ ከአዳዲሶቹ ይልቅ ይሰማሉ። የኢጎር ሌቪትን የ2019 ስብስብ ግን ለጸጥተኛ ሰዓት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ልጄ ፒያኖ እየተማረች ነው። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ታዳምጥ?

መልስ፦ ቁጥሩ ሁልጊዜ የተጻፉበትን ቅደም ተከተል አይከተልም። 19ኛውና 20ኛው፣ ማለትም የኦፐስ 49 ሁለት ትንንሽ ሶናታዎች፣ የታተሙት በ1805 ቢሆንም ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው የተጻፉ ናቸው፤ ለጀማሪ እጅም የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። መጀመሪያ እነርሱን ትስማ፣ ኖታውንም ከፊቷ ዘርግታ ትከተል። ከዚያ ወደ ኦፐስ 2 ተመልሳ በቅደም ተከተል ትቀጥል።