መልስ፦ ከመምህርነት ወደ ዲንነትና ፌዴራል አገልግሎት
ወንድሜ፣ አሜሪካ በግሪን ካርድ ምህንድስና እያስተማርክ ወደ ዲንነት (የኮሌጅ ኃላፊነት) እና ወደ ፌዴራል መንግሥት አገልግሎት መግቢያውን ጠይቀሃል። ከዜግነቱ ጀምር። ግሪን ካርድ ካገኘህ 5 ዓመት ሊሞላህ 90 ቀን ሲቀረው ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ማስገባት ትችላለህ። ብዙዎችን የሚያሰናክለው ጉዞ ነው፤ ለምርምር ብለህ ከ6 ወር በላይ ውጭ ከቆየህ ቆጠራው ሊቋረጥብህ ይችላል።

የትምህርት ክፍል ኃላፊነትን በፍጹም አትናቅ፣ በጀት የሚለመደው እዚያ ነው። የዲን መራጮች የጽሑፍህን ብዛት ሲቪህ ላይ ያዩታል፤ ፊት ለፊት የሚጠይቁህ ግን ገንዘብ ሲቀነስ የትኛውን ላብራቶሪ እንዳስቀደምክ ነው።

ለፌዴራሉ የተሻለው በር ከዩኒቨርሲቲህ ሳትለቅ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በውሰት (በጊዜያዊነት ተመድበህ) መሄድ ነው፦ 2 ዓመት፣ ቢበዛ 4። ተማሪዎችህን ማን እንደሚያማክር አስቀድመህ በጽሑፍ አስፈርም።

ደግሞ አትቸኩል። የምህንድስና ምሁሩ ሱብራ ሱሬሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሕንድ መጥተው የኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም) ምህንድስና ዲን የሆኑት በ2007 ነው፤ ምርምርን በገንዘብ የሚደግፈው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ዳይሬክተርነቱ በ2010፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትነቱ በ2013 ተከተለ።