ለጎጃም መንገድ የሚሆን ጎማና ሾክ፦ ያገለገለ ቢኤምደብሊው ለገዙ አንባቢ

ከቡሬ የጻፉልን አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመረተ ቢኤምደብሊው 325አይ በቅርቡ ገዝተዋል፤ በሙያው ያለን ሰዎች ኢ46 በሚለው መለያው የምናውቀው መኪና ነው። የቀድሞው ባለቤት ባለ 18 ኢንች ቸርኬ አስገጥሞበታል፤ የፊት ጎማው 225/40፣ የኋላው 255/35 ነው (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው)። የኋላ ጎማዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ክራቸው እስኪታይ ድረስ ተበልተዋል፤ የአባይን በረሃ ሲወርዱ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ጎርባጣ ቦታ ሲያልፉም ከኋላ በኩል የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማል። የጠየቁንም መኪናውን በ40 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ ይሻል እንደሆነ፣ ወይስ ከፍታው የሚስተካከል ሙሉ የሾክና የሞላ ስብስብ መግዛት እንደሚገባቸው፣ ጎማውስ በ18 ኢንቹ ይቀጥል እንደሆነ ነው። ገንዘባቸው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደማይሸፍን፣ የመኪናው ስፖርታዊ ጠባይ ግን እንዲጠፋ እንደማይፈልጉ ገልጸዋል።

መልሴን አስቀድሜ ልስጥዎት። አጭሩን ሞላም ሆነ የሚስተካከለውን ስብስብ አይግዙ። በመጀመሪያ ያረጁትን ቡሺንጎች፣ ማለትም በብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ የሚገቡትን ላስቲኮች፣ ያስቀይሩ፤ ቀጥሎ ወደ 16 ኢንች ቸርኬ ይመለሱና አራት አንድ ዓይነት አዲስ ጎማ ያስገጥሙ፤ ሾኩን ደግሞ የፋብሪካውን ከፍታ ሳይለቁ፣ ጠንከር ባለ ዓይነት በመጨረሻ ይለውጡ። የዚህ መኪና ስፖርታዊ ጠባይ የሚመነጨው ክብደቱ በፊትና በኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል ደረጃ ከመከፋፈሉና እያንዳንዱ ጎማ በታሰበለት ማዕዘን ተይዞ ከመቆየቱ ነው። አሁን የጠፋብዎት ይህ ሁለተኛው ነገር ነው፤ አጭር ሞላ ደግሞ ይበልጥ ያርቀዋል እንጂ አይመልሰውም።

የጻፏቸው ሦስት ምልክቶች ለእኔ ብዙ ይናገራሉ። ፍሬን ሲይዙ የሚመጣው የመሪ መንቀጥቀጥ በዚህ ሞዴል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የፊተኛውን የታችኛ ክንድ ከኋላ ጫፉ ላይ ከሚይዘው ትልቅ ክብ ቡሺንግ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሸሻል፤ ይህ እንቅስቃሴ ነው በመሪው ላይ የሚሰማዎት። ብዙ ባለመኪናዎች ዲስኩ ተጣሟል ተብለው ዲስክ ይቀይሩና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለስባቸዋል። ለመለየት አንድ ሰው መኪናውን በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ ፍሬን ይያዝ፤ ሌላው ከጎን ቆሞ የፊት ጎማውን ከፓራፋንጎው አንጻር ይመልከት። ጎማው በግልጽ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚላወስ ከሆነ ቡሺንጉ አልቋል። መንቀጥቀጡ በእግርዎ ሥር በፍሬን ፔዳሉ ላይም የሚመታ ከሆነ ግን ዲስኩንም ማስለካት ያስፈልጋል።

የኋላ ጎማዎቹን መበላት በተመለከተ፣ ጎማውን ሳያስወልቁ በፊት መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ አድርገው ያሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው አቅጣጫ እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ እየተንከባለለ ሳይሆን በመጠኑ ወደ ጎን እየተጎተተ ነው ማለት ነው። መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ማጋደሉ ለውስጥ ጠርዝ መበላት አንድ ምክንያት ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት ጎማ የሚጨርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የጎን መጎተት ነው። ምንጩም የኋላውን ረጅም ክንድ ከወለሉ ጋር የሚያያይዘው ቡሺንግ ማለቁ ነው። ስለዚህ ቡሺንጉ ሳይቀየር አዲስ ጎማ ቢገጥሙ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብዎን አስፋልት ላይ አፍስሰው ይመለሳሉ።

የሚያንኳኳው ድምፅ ከሾኩ የላይኛ መያዣ ሊመጣ ይችላል። የሻንጣ ክፍሉን የጎን ምንጣፍ ገልጠው ሌላ ሰው የመኪናውን ጀርባ ሲያወዛውዝ መያዣውን በእጅዎ ቢነኩት ምቱ ይሰማዎታል። የኋላ ሞላዎቹም የመጨረሻው ቀለበታቸው ተሰብሮ ሳይታወቅ ይቆያልና በባትሪ ብርሃን ይፈተሹ። ከሁሉም በላይ ግን የኋላው መስቀለኛ ብረት ከመኪናው ወለል ጋር የሚታሰርባቸውን ነጥቦች በደንብ ያስመርምሩ። በኢ46 ወለል ላይ በእነዚህ ነጥቦች ዙሪያ ቆርቆሮው መሰንጠቁ የታወቀ ድክመት ነው፤ ስንጥቅ ከተገኘ በማጠናከሪያ ብረት ተበይዶ ሳይጠገን ጠንካራ ሾክ መግጠም ጉዳቱን ማፋጠን ነው።

ቡሺንጎቹን ሲገዙ እንደ ሌምፎርደር ያለ የታወቀ ላስቲክ ይምረጡ። ፖሊዩሬታን የተባለውን ጠንካራ ዓይነት ለኋላው ረጅም ክንድ አልመክርም፤ ይህ መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ መጠማዘዝ አለበት፣ ጠንካራው ዓይነት ግን ያንቀዋል። ስለ አገጣጠሙም ጋራዡን አስቀድመው ያነጋግሩ። የፊተኛው ቡሺንግ በግሪስ ወይም በዘይት ሳይሆን በሳሙና ውሃ ርሶ መግባት አለበት፤ እንደገባም ውሃው ሳይደርቅ መኪናው ከክሪክ ወርዶ በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ይቁም። የኋላው ክንድ ቡሎንም እንዲሁ በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው በሚሄድበት ከፍታ ላይ እያለ ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ መኪናው ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ በዚህ አንድ ስህተት ብቻ ሲበላሽ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ ጎማው ልምጣ። 255/35 በ18 ኢንች ላይ የጎኑ ቁመት 89 ሚሊ ሜትር ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ የመጣበት 205/55 በ16 ኢንች ላይ ግን 113 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጠቅላላ ዲያሜትራቸው ከአራት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት ስላለው የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። ልዩነቱ፣ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ድንገት የሚገጥምዎትን ጉድጓድ የሚቀበል ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ተጨማሪ ላስቲክና አየር ማግኘትዎ ነው። ዝቅተኛ ጎማ በጉድጓድ ከንፈርና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ሲቀረጠፍ የውስጥ ክሩ ይበጠስና በጎኑ ላይ እብጠት ያወጣል። ያበጠ ጎማ ደግሞ አይጠገንም፤ ካላማዳሪ ከትቶ መንዳትም በሙቀት እንዲፈነዳ ማመቻቸት ነው።

ሰፊው ጎማ በእኛ መንገድ ላይ ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉበት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው የበረሃው መንገድ ከባድ ተሽከርካሪዎች አስፋልቱን ገፍተው ቦይና ሞገድ ሠርተውበታል፤ ሰፊና ዝቅተኛ ጎማ የቦዩን ጠርዝ ተከትሎ መሪውን ከእጅዎ ይስባል፣ ጠባቡ ግን ብዙም አይታዘዝለትም። ሁለተኛው የክረምቱ ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከቡሬ ወደ ኢንጅባራ የሚጓዝ ሰው አስፋልቱ ላይ የተኛውን ውሃ ያውቀዋል፤ ጎማው በሰፋ መጠን ያን ውሃ ከፍሎ መሬት መያዝ ይቸግረዋል፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም መንሳፈፍ ይጀምራል። የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በጎማው ቦዮች ውስጥ ያሉት የመበላት ምልክቶች ከጥርሱ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ እኔ ግን ለክረምት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ባለ ጎማ እንዲጓዙ አልፈቅድልዎትም።

ስለዚህ 205/55አር16፣ መለያውም 91ቪ የሆነ ጎማ ይግዙ። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ቪ ማለት ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተፈትኗል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ባይነዱም፣ ፊደሉ የጎማውን ሙቀት የመቋቋም አቅም ይናገራልና ከዚያ አይውረዱ። መጠኑ ብዙ የቤት መኪናዎች የሚጠቀሙበት በመሆኑ በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ማግኘት አይከብድም። በጎኑ ላይ ትሬድዌር (TREADWEAR) ከሚለው አጠገብ ያለው፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚጠቁመው ቁጥር ከ300 እስከ 400 ቢሆን ለሻካራው አስፋልታችን ይስማማል፤ 200 አካባቢ የሆነው መሬት የመያዝ ኃይሉ ግሩም ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። ከውጭ የገባ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ቢያቀርቡልዎ፣ በጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት እንዳለበት ይመልከቱ፤ ያ ለበረዶ አገር የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነው፣ በበረሃው ሙቀት ፈጥኖ ይበላል፣ ኩርባ ላይም ይዋልላል።

የተመረተበትን ጊዜ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር በማንበቡ ነው፦ 2517 የሚል ጎማ በ2017 ዓ.ም. የተሠራ ቢመስልም እ.ኤ.አ. በ2017 25ኛ ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ያልተነካ ቢሆንም ላስቲኩ በመደርደሪያ ላይ አርጅቷል። ከተመረተ ከሁለት ዓመት ያልበለጠውን ይምረጡ። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ገንዘቡ ለጊዜው ለሁለት ብቻ ከበቃ ደግሞ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፣ ምክንያቱም የኋላው ሲከዳ መኪናው ይዞራል፣ ያን ጊዜ በመሪ ማዳን ከባድ ነው።

ስለ ነፋስ መጠን የበረሃውን መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል፤ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ። ከደብረ ማርቆስ ከፍታ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1300 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ስለሚሉ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ በዚህ ብቻ መለኪያው 2 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ አሃድ) ያህል ቀንሶ ያሳያል። በሌላ በኩል ጎማው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል፣ የፍሬኑ ሙቀትም ይታከልበታል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው በከፊል ስለሚጣፉ በረሃው ውስጥ ቆሞ መለካት አያስተማምንም። ጎማው ጋለ ብለው ታች ላይ ነፋስ ካስተነፈሱ፣ ደጀን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ያገኙታል። ከሻንጣው ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ የሚወርዱ ከሆነ ግን በሩ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን መጠን ለኋላ ጎማዎች ይጠቀሙ።

አሁን ስለ ሞላና ሾክ። መኪናው በ40 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጎማው ወደ ላይ የሚጫወትበት ቦታ በብዙ ይቀንሳል። ኩርባ ላይ እያሉ ሞገድ ሲገጥምዎት ሾኩ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይላተማል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን ይለቃል። የፊተኛው የታችኛ ክንድም ተዳፋቱ ስለሚለወጥ፣ አካሉ የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠንካራው ሞላ የሰጠውን ጥቅም ይህ ከፊሉን መልሶ ይወስደዋል። የሞተር ዘይት መያዣውም አልሙኒየም ነው፤ በየከተማው መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አንድ ቀን ቢሰነጥቀው ጉዳቱ እስከ ሞተሩ ይደርሳል። ከፍታው የሚስተካከለው ስብስብ ደግሞ የማስተካከያ ጥርሱ በአቧራና በክረምት ጭቃ ተጣብቆ አልዞር ይላል፤ ርካሹ ዓይነት ከፋብሪካው ሾክ ያነሰ ሥራ ሲሠራም አያለሁ።

የፋብሪካው ሞላ ካልተሰበረ ይቆይ። የቀኝና የግራ ከፍታውን ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፤ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ሾኩ ዘይት ካፈሰሰ ወይም ጎማው በየቦታው እየጎደጎደ ከተበላ ጊዜው ደርሷል። ምቾት ከፈለጉ የሳክስ ወይም የቢልስታይን ቢ4፣ የስፖርቱን ጥብቅነት ከፈለጉ ቢልስታይን ቢ6 ይግዙ፤ ቢ6 በፋብሪካው ከፍታ ላይ እንዲሠራ የተሰናዳ ነው። ቢ8 ግን ለወረደ መኪና የተሠራ አጭር ሾክ ስለሆነ አይስማማዎትም። ሁልጊዜም ጥንድ ጥንዱን፣ ከላይኛው መያዣውና ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይቀይሩ። ለእርስዎ ፍላጎት ቢ6ን እመርጣለሁ።

ቸርኬውን ሲፈልጉ ቡሎኖቹ 120 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ አምስት መሆናቸውን፣ የመሐል ቀዳዳው 72.6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኢቲው (ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሐል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) 46 ወይም 47 መሆኑን ያረጋግጡ። 330አይ ቢሆን ኖሮ የፊት ዲስኩ ትልቅ ስለሆነ ከ17 ኢንች መውረድ አይቻልም ነበር፤ የእርስዎ ግን በ16 ይሠራል። ባለ 18 ኢንቹን ቸርኬ ሸጠው ለጎማው ማገዣ ያድርጉት።

ሁሉም ዕቃ ከገባ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል፣ ያሠሩ፤ የፊቱን ብቻ የሚለካ ቤት አይበቃዎትም፣ የኋላውም በዚህ መኪና ላይ የሚስተካከል ስለሆነ አራቱንም ጎማ የሚለካ ይፈልጉ። ጎሚስታው ቡሎኖቹን በመፍቻ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ እንዲያጠብቅ አይፍቀዱለት፤ ኃይል በሚለካ መፍቻ በ120 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላም ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ በዚያው መጠን እንደገና ይፈተሹ።