ሲቢሲው ደህና ነው ማለት ደሙ ይረጋል ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 14 ወሩ ነው። መቆም ከጀመረ ወዲህ ጉልበቱ ይበልዛል። ከንፈሩ ከውስጥ ተሰንጥቆ ሁለት ቀን ደማ። ኮምቦልቻ ታይቶ «ደሙ ምንም የለበትም» ተባልሽ። የባልሽ ዘመዶች ደግሞ «ከናትየው ወገን ነው» ይሉሻል። አብሽሪ። እኔም እዚህ ደሴ በዚሁ አልፌያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሄሞፊሊያ የሚባለው፣ ደም ቶሎ የማይረጋበት ሕመም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ።

የተሠራለት ሲቢሲ ይመስለኛል። እሱ የደም ሴሎችን ነው የሚቆጥረው፣ መድማትን ለማቆም የሚረዱትን ጥቃቅኖቹን ፕላትሌቶችንም ጨምሮ። በሄሞፊሊያ ደግሞ ፕላትሌቱ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ፋክተር የሚባለው ደም የሚያረጋው ፕሮቲን ነው፤ በሄሞፊሊያ ኤ ፋክተር 8፣ በሄሞፊሊያ ቢ ፋክተር 9። ስለዚህ ስሙን ጠርተሽ «ፒቲ እና ኤፒቲቲ ይሠራልኝ» በይ፤ ደሙ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ የሚለኩ ምርመራዎች ናቸው። ፒቲው ልክ ሆኖ ኤፒቲቲው ብቻ ከረዘመ ቀጥሎ ፋክተሩ ይለካል። ከጤናማው መጠን ከ1 በመቶ በታች ከባድ፣ ከ1 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 ቀላል ይባላል።

ናሙናው ሲወሰድ ዓይንሽን ከብልቃጡ አትንቀዪ። ክዳኑ ሰማያዊ ነው፣ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለው። ደሙ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት። የኔ ልጅ ሲያለቅስ ደም ስሩ ጠፋና ግማሽ ላይ ተዉት። ውጤቱ በጣም ረዝሞ መጣ። ላብራቶሪ የምትሠራ ጎረቤቴ «ብልቃጡ ስላልሞላም ይረዝማል፣ አስደግሚው» አለችኝ። ተደገመ። ያው ነው። ግን አሁን አመንነው።

ከዚያ በፊት የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። ጉልበቱ ሲያብጥ ወጌሻ ጋ ወስጄ አሳሸሁት፣ ባሰበት። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ጭኑ ላይ የዳይክሎፌናክ መርፌ ወጉት። ማታ ጭኑ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ይጋላል፣ እግሩን መዘርጋት አቃተው። ጡንቻው ውስጥ እየደማ ነበር ለካ።

ፍንጩ እኮ ቤታችን ነበረ። ታናሽ ወንድሜ በተገረዘ በሦስተኛው ቀን ነው ያረፈው። እናቴ እስክትሞት ምላጩን ስትረግም ኖረች። ሐኪሙ «ከእናት ወንድሞች ደም ፈሶት የሞተ አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ። ልጅሽ ካልተገረዘ አቆዪው። እንጥል ማስቆረጥ የሚባለውንም እንዳታስቢው።

ለባልሽ ዘመዶች፦ ችግሩ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ነው የሚወስደው፣ እውነት ነው። ግን ሲሶ የሚሆኑት ልጆች በቤተሰባቸው ታሪኩ የለም፤ አዲስ ነው የሚጀምረው። የማንም ጥፋት አይደለም። እንዲያ ብለሽ ዝጊው።

ደግሞ የደማ ሁሉ ሄሞፊሊያ የለበትም። ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ቀያይ ነጠብጣብ ከበዛ የፕላትሌቱ ቁጥር ይመረመራል። ነስርና የወር አበባ ከልክ በላይ የሚበዛባት ልጅ ካለች ቮን ዊልብራንድ የሚባል ሌላ የመድማት ሕመም አለ፣ ሴትም ወንድም ይይዛል። አራስ ቫይታሚን ኬ ካልተወጋ ሊደማ ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ ድንገት ከመጣ ጉበቱና የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል፣ በተለይ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን።

ሕክምናው የጎደለውን ፋክተር በደም ስር መስጠት ነው። ባልተገኘ ቀን ለኛ፣ ልጄ ኤ ስለሆነ፣ ከፕላዝማ (ከደም ፈሳሽ ክፍል) የሚዘጋጅ ክራዮ ይሰጡናል፣ ፋክተር 8 ስላለው። 9 ግን የለውም፤ ለቢ ፕላዝማ ነው። ለዚህ ነው የልጄን ዓይነት የጻፉበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ከቦርሳዬ የማላወጣው። አፉ ሲደማ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ይረዳዋል። መገጣጠሚያ ሲያብጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቶሎ ሐኪም ቤት። ለሕመም ፓራሲታሞል ብቻ፤ አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይነካም። ጡንቻ ላይ መርፌ የለም። ክትባት ሲሆን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ቀጭን መርፌ ይሁን፣ ቦታውን 10 ደቂቃ ተጫኚው። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን አንቺም ሆንሽ ሐኪሞቹ የጭንቅላቱ ፎቶ እስኪነሳ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ፋክተሩ።

የኤፒቲቲው ናሙና ከተቀዳ ጀምሮ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መሠራት አለበት። ኮምቦልቻ አስቀድተሽ ደሴ ከምትልኪ ልጁን ይዘሽ በጠዋት ውጪ። ውጤቱ ሲመጣ ሰከንዱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ብልቃጡ ሞልቶ እንደነበርም ጨምሪበት።