ወለሉን ከማስፋቅዎ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ ከአምስት ወር በፊት ሳሎናቸውን በኦክ ጣውላ አስነጥፈዋል። ጣውላው ወጥ እንጨት ነው፤ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ሊሾው ላይ በኮላ የተለጠፈ። ሊሾው ከፈሰሰ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ጣውላው ጠዋት ከመኪና ወርዶ ከሰዓት በኋላ መነጠፍ ጀመረ። አሁን የየጣውላው ጠርዝ ከመሐሉ ከፍ ብሎ በባዶ እግር ይታወቃል፤ በበረንዳው በር በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ተነስቶ ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ያሰማል። የነጠፈው ባለሙያ «የእንጨት ጠባይ ነው፤ በማሽን ፍቄ ቫርኒሹን ብደግመው ይስተካከላል» ብሏል። ላስፈቀው ወይ? ጥፋቱስ የማን ነው? ይላሉ።

እህቴ፣ አሁን አያስፍቁ። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ እንኳ ይህችን ይያዙልኝ።

ጣውላው እንደ ትሪ ጠርዙን ያነሳው ከሥሩ ከላዩ ይልቅ ርጥብ ስለሆነ ነው። ከታች ያለው ጎኑ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከላይ ያለው ደረቅ ነው፤ ያበጠው የደረቀውን ወደ ላይ ያጥፈዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ማሽን ቢያልፍበት የሚፋቀው ከፍ ያለው ጠርዝ ነው። ከወራት በኋላ ሥሩ ሲደርቅ ጣውላው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ግን ጠርዙ ሳስቷልና መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። እንደገና መፋቅ ሊኖርብዎ ነው። ወጥ ጣውላ ደግሞ ሁልጊዜ አይፋቅም፤ ጣውላዎቹን እርስ በርስ ከሚያያይዘው ምላስ በላይ ያለው እንጨት ካለቀ አለቀ።

«የእንጨት ጠባይ ነው» የተባለውን በተመለከተ፣ እንጨት መንቀሳቀሱ እውነት ነው። ባለሙያ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኦክ የውስጥ እርጥበቱ በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር በስፋቱ በኩል ወደ 0.37 በመቶ ያህል ያብጣል ወይም ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢጨምር የእርስዎ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። 4 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ጣውላዎቹን ሁሉ ብንደምር 6 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ነው። ኮላው ስለሚይዘው ያን ያህል አይሄድም፤ ግፊቱ ግን የትም አይጠፋም። ግድግዳው ጋ ክፍተት ካልተተወለት ወለሉን ከሊሾው ይነቅለዋል። ባዶ ድምፅ የሚያሰማው ጥግ እንዲህ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ውኃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ በጠቅላላው ወለል ላይ ይዘዋወሩ። የጠርዙ መነሳት ክፍሉን ሙሉ እኩል ከሆነ ምንጩ ሊሾው ነው። ሊሾ በጥሩ አየር ላይ እንኳ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ወር። ሦስት ሳምንት በጭራሽ አይበቃውም። በበረንዳው በር በኩል ብሶ ወደ ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ዝናብ ከበሩ ሥር እየገባ እንደሆነ ይጠርጥሩ። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የእርስዎ ጉዳይ እንዲያ ይመስለኛል።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለውን ዘኮሎ ያስነሱ። ባለሙያው ራሱ ቆሞ እያየ ቢሆን ይመረጣል። በጣውላውና በግድግዳው መካከል ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ጣውላው ግድግዳውን ከነካ ማስመሪያ አስደግፈው ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን ይቆረጥና እፎይ ይበል። ይህ ሥራ ማድረቁን አይጠብቅም።

ማድረቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስኮት ይክፈቱ፣ ምንጣፍ ያንሱ፣ ወለሉን በውኃ አይወልውሉ። በማሞቂያ ማቻኮል ግን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ለውጡን ለመከታተል የብረት ማስመሪያ በአንድ ጣውላ ስፋት ላይ ያጋድሙና ከመሐሉ ሥር በሚታየው ክፍተት ወረቀት እየደራረቡ ያስገቡ። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስንት ወረቀት እንደገባ ከቀኑ ጋር ይጻፉ፣ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ በየሁለት ሳምንቱ እዚያው ላይ ይለኩ። ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ለብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ሲቆም፣ የእርጥበት መለኪያም የጣውላው ላይና ታች ተቀራራቢ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ ያኔ ስለ መፋቅ እንነጋገራለን። ብዙው ጠርዝ በራሱ ይመለስ ይሆናል። ከሊሾው የለቀቀው ጥግ ግን በራሱ አይለጠፍም፤ እዚያ ያሉት ጣውላዎች ተነስተው በአዲስ መተካት አለባቸው።

ጥፋቱን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ሊሾውን ሳይለካ ኮላ የቀባ ባለሙያ ሊሾውን እንዳለ ተቀብሎታል፤ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ቀን ይቸኩል የነበረው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም እንኳ «አይሆንም» ማለት የእሱ ድርሻ ነበር። ሲያነጋግሩት አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ ከመለጠፍህ በፊት የሊሾውና የጣውላው እርጥበት ስንት ነበር? ቁጥር ከሌለው መልሱን አግኝተዋል። የበሩ ውኃ ግን ከነበረ የእሱ አይደለም፤ በዚያ አይክሰሱት።

መኝታ ቤቱንም በዚሁ ጣውላ ላስነጥፍ አስቤ ነበር ብለዋል። እዚያ ያለው ሊሾ ገና ባዶ ስለሆነ ዕድለኛ ነዎት። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ላስቲክ አንጥፈው አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ቢያንስ 16 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሱት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ አይነጠፍም። ደረቅ ቢመስልም ሙከራው ስለ ላዩ እንጂ ስለ ጥልቁ አይናገርምና በመለኪያ ያረጋግጡ። ጣውላውም እሽጉ ተፈቶ ክፍሉ ውስጥ ይቆይ፤ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ በሆነበት ቤት እንጨቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ላይ ይረጋል። ሊሾ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ እኔ ለእርስዎ ወጥ እንጨት አልመርጥም፤ ላዩ ኦክ ሆኖ ሥሩ በተሻጋሪ ንብርብር የተሠራውን ጣውላ ይግዙ። መልኩ ያው ነው፣ እንቅስቃሴው ግን በጣም ያነሰ ነው።