ቴስታታው ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ የሚያፈስ ከሆነ

ጥያቄው ይህ ነው። መኪናው የናፍጣ ሚኒባስ ነው፤ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) አሉሚኒየም። ዓባይ በረሃን ሲወጣ ሞተሩ ጋለ። ቴስታታው ተላገ (ፊቱ ተስተካከለ)፣ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ራዲያተሩ ውሃ ይጨርስ ጀመር፤ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ አለው። ጓርኒሲዮኑ እንደገና ተቀየረ፤ ያው ነው። በቀዝቃዛው በአየር ሲፈተሽ ግን ምንም አያሳይም።

ወንድሜ፣ ሦስተኛ ጓርኒሲዮን እንዳትገዛ። እኔ የምጠረጥረው በአየር መግቢያና በጭስ መውጫ ቫልቭ መካከል ያለችውን ቀጭን ቦታ ነው። ተሰንጥቃለች።

ለምን እዚያ? ከቴስታታው ሁሉ በጣም የምትግለው እሷ ናት። ስትግል መስፋት ትፈልጋለች፤ ዙሪያዋ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አካል ግን አያላውሳትም። ስለዚህ ትጨመቃለች፤ ከአቅሟ ሲያልፍ እዚያው ቅርጿን ትለውጣለች። ሞተሩ ሲጠፋ ትኮማተራለች፤ አሁን አጥራለችና ዙሪያዋ ይጎትታታል። መጨመቅ፣ መጎተት፤ በየቀኑ፣ በየዳገቱ። ሽቦ ወዲህ ወዲያ ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ነው። በዚያ ላይ አሉሚኒየሙ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ ብዙ ከቆየ ያ ጥንካሬ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝም አይመለስም።

ቴስታታውን አውርደህ ጥቀርሻውን አጽዳ። ቀዩን የስንጥቅ መፈተሻ ቀለም በቫልቮቹ መካከል ንፋ፣ ሩብ ሰዓት ተወው፣ በጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ ስንጥቁን የሚያሳየውን ነጩን ንፋበት። ቀጭን ቀይ መስመር ብቅ ካለች ተገኘ። ካልታየ ቶርኖ ቤት በሙቅ ውሃ ውስጥ በአየር ግፊት ይፈትሹልህ። ስንጥቋ የምትከፈተው ስትሞቅ ነውና የቀዝቃዛው ፍተሻ ይሸውዳል። የጥንካሬ መለኪያ ካላቸው በቫልቮቹ መካከልና ጠርዙ ላይ ያስለካ። መካከሉ በጣም ከለሰለሰ መበየድም መላግም ገንዘብ መጣል ነው። ሌላ ቴስታታ ፈልግ።

የቀድሞው መካኒክ ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን ለቅልቆ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አውልቆ ጥሏል ብለሃል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሲሊኮኑ ተቆርሶ የውሃ መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ።

የራዲያተሩን ክዳንም ቀይር፤ ርካሹን ግን አትንካ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ እንዲቋቋም የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የርካሹ ስፕሪንግ ደግሞ ቶሎ ይደክማል።

ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን አትክፈት። ከሲሊንደር ወደ ውሃው የሚያመልጥ ጋዝ አረፋ ለማየት ከፈለግህ በርዶ ሳለ ክፈተውና ከዚያ አስነሳ፤ ውሃው መሞቅ ሲጀምር አጥፋ። ትኩሱን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት የሚባለውንም አትስማ፤ ፊት የሚያቃጥለው እሱ ነው።